ጠጠር የሚፈጭ ፓምፕ

ነገሩ ካዛንቺስ ያለ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ስላለ የውሃ ፓምፕ ነው። ሲሠራ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ኩሽኔታውና ሜካኒካል ሲል የሚባለው የዘንጉ ውሃ ማሸጊያ ይቀየራሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ይበላሻሉ። አዲስ ዕቃ ገብቶ ያው ብልሽት ከተመለሰ፣ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም።

«ውሃው አሸዋ አለው» የሚለው መልስ ሁሌም ይቀድማል። ኢምፔለሩን፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ፣ ብርሃን ላይ አዙሮ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። አሸዋ ብረቱን እያለሰለሰ ውሃው በሄደበት አቅጣጫ ቦይ ያወጣል። እዚህ ግን ክንፎቹ መግቢያቸው አካባቢ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተበሳስተዋል፣ ጣት ሲያርፍባቸው ይሻክራሉ። ካቪቴሽን ነው። መግቢያው ላይ ግፊቱ ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ አረፋው ግፊት ወዳለበት ሲደርስ ተጨፍልቆ ብረቱን ይመታል። ንዝረቱ ኩሽኔታውንና ማሸጊያውን ይጨርሳል።

ለምን? ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 10.3 ሜትር ውሃ ያህል ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች 7.7 አካባቢ ብቻ አላት። ከመሬት ውስጥ ታንከሩ ለመሳብ 4 ሜትር፣ ለቱቦው ፍትጊያ 1 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ ለውሃው ትነት 0.24 ሜትር ሲቀነስ ፓምፑ መግቢያ ላይ 2.5 ሜትር ያህል ይቀራል። ፓምፑ ደግሞ በካታሎጉ 3 ሜትር ይፈልጋል። ባሕር ጠረፍ ቢሆን 5 ሜትር ነበረው፣ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። መሳቢያው ላይ ያለው የግፊት መለኪያ (የቫኩም ጌጅ) አዲስ አበባም ባሕር ጠረፍም ከዜሮ በታች 0.5 ባር ያህል ነው የሚያሳየው፤ እሱን ብቻ ያየ አይነቃም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የመውጫውን ቫልቭ በትንሹ ማጥበብ። ፍሰቱ ሲቀንስ ፓምፑ የሚፈልገውም ስለሚቀንስ ጩኸቱ ይበርዳል። ካልበረደ አየር የሚያስገባ መገጣጠሚያ ይፈለግ። የመሳቢያውን ቫልቭ ማጥበብ ግን ማባባስ ነው፤ እባካችሁ አትንኩት።

መሳቢያውን ከ2 ወደ 3 ኢንች ማስፋት ፍትጊያውን በብዙ ቢቀንስም ወደ 3.3 ሜትር ነው የሚያደርሰን። የፉት ቫልቩ (የመሳቢያው ጫፍ ላይ ያለው ቫልቭ) ወንፊት ትንሽ ሲደፈን ያችው ትርፍ ታልቃለች፤ እኔ አልቀበለውም። ፓምፑ ከታንከሩ ውሃ በታች ይውረድ፣ ካልሆነ ታንከሩ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ይገዛ። የግዥ ትእዛዙ ላይም ከፍሰትና ከግፊት ጎን የቦታው ከፍታ 2,350 ሜትር ተብሎ ይጻፍ።