ገንዘብ መግቢያ ያጣበት ሞተር፦ ከ305 ስፕሪንት መኪና የተማርኩት

ዘንድሮ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው አንድ 305 የስፕሪንት መኪና (በአፈር መም ላይ የምትሽቀዳደም ትንሽ መኪና) ሞተር ሲፈታና ሲገጠም በማገዝ ነው። የምኖረው ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ነው። እዚህ ከተማ ሐበሻ ብዙ ነን። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ብራንደን አጠገብ፣ ሁሴትስ ስፒድዌይ የሚባል የአፈር መም አለ። የተከፈተው በ1954 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አንድ ዙሩ 600 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰመር እሑድ ማታ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

እኔ መኪና መፍታት የለመድኩት አዲስ አበባ ነው። የእሽቅድምድም ሞተር ግን አዲስ ትምህርት ሆኖብኛል። የመኪናው ባለቤት በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊ ናቸው። ስጠይቃቸው ደስ የሚላቸው፣ እያሳዩ የሚያስረዱ ሰው ናቸው። ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የገረመኝን ነገር ነው። ይህ ስፖርት ተራ ሠራተኛ ሊገባበት የቻለው ዕቃው ስለረከሰ አይደለም። አንዳንድ የውድድር ክፍሎች ውስጥ የሞተር ደንቡ ገንዘብ ላለው ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ቦታ ስለነሳው ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ስፕሪንት መኪና ትንሽና ቀላል ናት። ሹፌሩ መሐል ይቀመጣል። አናቷ ላይ ትልቅ ክንፍ አለ። ካምቢዮ የላትም፣ ፍሪሲዮን የላትም፣ ሞተሪኖም የላትም። ሌላ መኪና ከኋላ እየገፋ ነው የሚያስነሳት። ነዳጇ ሜታኖል ነው። ትልቁ የውድድር ክፍል 410 ይባላል። ቁጥሩ የሞተሩን መጠን በኩቢክ ኢንች የሚያመለክት ነው፤ ወደ 6.7 ሊትር ይመጣል። ይህ ሞተር 900 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያወጣል። መኪናዋ ደግሞ ከነሹፌሯ 640 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ፍጥነቱን ገምቱት።

ችግሩ ዋጋው ነው። አዲስ 410 ሞተር ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ተገዝቶም አያበቃም። ጥቂት ውድድሮች ከሮጠ በኋላ ተፈትቶ መታደስ አለበት። መለዋወጫ ሞተር የሌለው ቡድን አንድ ቀን ሞተሩ ከፈነዳ ወቅቱ አበቃ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ እሑድ የሚወዳደር ሰው ይህን አይችልም።

መፍትሔ ሲባል ለሁሉም ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ሞተሩን ማሳነስ ነው። ተሞክሯልም። 360 የሚባለው ክፍል፣ ማለትም 5.9 ሊትሩ፣ ብዙ ቦታ ከ410 ረከስ ያለ አማራጭ ተብሎ ነው የተስፋፋው። በዚህ ክፍል የታወቀው ማኅበር፣ የአሜሪካ ስፕሪንት መኪና ተከታታይ ውድድር፣ በ1992 ተመሠረተ። ዛሬ ጥሩ 360 ሞተር ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ጀማሪን ያስደነግጣል። 700 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል። እንዴት እዚህ ደረሰ ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ቀላል ነው። መጠኑን ብቻ ብትገድብ፣ ሰው በዚያው መጠን ውስጥ የመጨረሻዋን ጉልበት ለማውጣት ይከፍላል። ቀለል ያለ ክራንክ ሻፍት፣ ውድ ፒስቶን፣ በእጅ የተሞረደ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል)፣ ብርቅ የቫልቭ ሞላ። አንዱ ከገዛ ሌላውም ለመግዛት ይገደዳል።

305 የመጣው ከዚህ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። ሬስሴቨር የሚባለውን የ305 ደንብ የጀመሩት ፍሬንች ግራይምስ የተባሉ የቨርጂኒያ ሰው ናቸው። በኋላ አይ ኤም ሲ ኤ የሚባለው አንጋፋ የውድድር ማኅበር ደንቡን ተቀብሎ በብዙ ግዛቶች አስፋፍቶታል። 305 ማለት 5 ሊትር ነው። መነሻው ሼቭሮሌ በተራ የቤት መኪኖቹ ላይ ለዓመታት የገጠመው ቪ8 ነው። ስለዚህ ሞኖብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ ብረት ነው፤ በየአሮጌ መኪና ግቢው ሲገኝ የኖረ ዕቃ ነው። ሱማሌ ተራ ገብቶ የሚፈልገውን አገላብጦ የሚመርጥ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ግን ዋናው ብልሃት ሞኖብሎኩ አይደለም። ቴስታታው ነው።

ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚተነፍሰው አየር ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ አየር ማስገባት ነው የሚከብደው። አየሩ የሚገባው ደግሞ በቴስታታው ቦዮች፣ በቫልቮቹ በኩል ነው። ቴስታታው ባልተገደበባቸው ክፍሎች ባለሙያው ቴስታታውን ይዞ ቦዮቹን በእጁ እየሞረደ፣ በመሣሪያ አየር እያሳለፈ እየለካ፣ እንደገና እየሞረደ ቀናት ይቆያል። ጉልበቱም ወጪውም ከዚህ ይመነጫል። በሬስሴቨር ደንብ ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት፣ ብሮዲክስ የሚባለው ፋብሪካ ለዚሁ ክፍል የሚያመርተውን ቴስታታ ይጠቀማል። ምልክት አለው። መሞረድ ክልክል ነው። መርማሪው በእጁ ባትሪ ይዞ ቦዩን ሲያይ የሞረድ ጭረት ካገኘ ነገር ተበላሸ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተራ ክልከላ መስሎኝ ነበር። ሞተሩን ፈትተን ቴስታታውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ቦዩ ጠበብ ያለ ነው። አየሩ የሚያልፍበት በር ከተወሰነ፣ ከበሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ውድ ዕቃ ሁሉ ጥቅሙ ይቀንሳል። ትልቅ ካምሻፍት ብትገዛ ቫልቩን የበለጠ ይከፍታል፤ ቦዩ ግን ያንን አየር አይሰጥም። ሞተሩን በጣም ከፍ ባለ ዙር ለማስኬድ ብትሞክር ትንፋሽ ያጥረዋል። ገንዘብህ ይወጣል፣ ጉልበቱ አይመጣም። ደንብ አውጪው ይህን አትግዛ፣ ያንን አትግዛ እያለ ረጅም ዝርዝር መጻፍ አላስፈለገውም። አንዱን ቁልፍ ቦታ ያዘ፣ ሌላው በራሱ ረጋ።

ሌላም ጥቅም አለ፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ ዕድሜው ይረዝማል። ፒስቶንና ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ወደ ላይ ወጥተው ሲመለሱ የሚደርስባቸው ጫና ከዙሩ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በካሬው ነው የሚጨምረው። ከ7000 ዙር በደቂቃ ወደ 9000 ብትወጣ ዙሩ የጨመረው 29 በመቶ ያህል ነው፤ ጫናው ግን 65 በመቶ ይጨምራል። ይህን በወረቀት ላይ ሳሰላው ነው 410 ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚፈታ የገባኝ። 305 በጥንቃቄ ከተያዘ አንድ የውድድር ወቅት ሙሉ ሊሮጥ ይችላል። ዋጋውም አዲስ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የ410ን ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። ሰው የሞተርን ዋጋ ሲያወዳድር የግዢውን ብቻ ያያል። እኔ አሁን የምጠይቀው በአንድ ምሽት ስንት ያስወጣል ብዬ ነው።

ጥንቃቄ ያልኩት በአብዛኛው ሜታኖልን ነው። ሜታኖል ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ለእሽቅድምድም ይመቻል። ግን ከቤንዚን በእጥፍ የሚበልጥ ይፈልጋል። ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ከውድድር በኋላ የነዳጅ መስመሩን ማጠብ ግድ ነው። ዘይት ውስጥም ይገባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ካያችሁት ጊዜ ሳትሰጡ ቀይሩት። እሳቱ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ደንብ ቢጻፍም ካልተለካ ወረቀት ነው። ለዚህ ነው ምርመራው የማረከኝ። የሞተሩን መጠን ሞተሩን ሳይፈቱ መለካት ይቻላል። ካንዴላ ይነቀልና በቀዳዳው መሣሪያ ይገጠማል፤ ሞተሩ ሲዞር የሚገፋው አየር ይለካል። ውድድሩ እንዳለቀ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ነው የሚደረገው። ጥሩ ደንብ እንዲህ በቀላሉ የሚለካ መሆን አለበት ብዬ አስባለሁ። ለመመርመር ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መፍታት የሚያስፈልገው ደንብ በየሳምንቱ አይመረመርም፤ ካልተመረመረ ደግሞ ሐቀኛውን ሰው ይጎዳል።

ሌላው መንገድ የታሸገ የፋብሪካ ሞተር ነው። ጄኔራል ሞተርስ 602 የሚባል ሞተር ይሸጣል። 350 ኩቢክ ኢንች ነው፤ 350 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ በልዩ ብሎን ታሽጎ ነው። በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ኦስዊከን ስፒድዌይ ላይ በዚህ ሞተር የሚሮጥ የስፕሪንት ክፍል አለ። ዋጋው ከ305ም ያንሳል። መግባት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚቀል በር የለም።

እኔ ግን ልቤ ወደ 305 ያደላል። የታሸገ ሞተር ሲበላሽ ራስህ አትከፍተውም፤ ፈቃድ ወዳለው ሠሪ ይላካል። እኛ ጋ አባትና ልጅ ጋራዥ ውስጥ አብረው ሲፈቱና ሲገጥሙ አያለሁ። ልጁ የቫልቭ ክፍተት ሲለካ አባትየው ባትሪ ይይዝለታል። ይህ ስፖርት ሰው የሚያፈራው እዚያ ነው። ደግሞም ማኅተም ይሰበራል፤ ብሎኑ አስመስሎ ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ የውድድር ማኅበራት የራሳቸውን ማሸጊያ የሚጠቀሙት። ሐቀኛ ሆኖም ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ 602 ገዝቶ፣ ሁሉንም በጉልበት መለኪያ ላይ አስነሥቶ፣ የተሻለውን መርጦ ማስቀረት ይችላል። እንግዲህ እዚህም ገንዘብ በር አገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛ ዘዴም አለ፤ ከታሪኩ የተነሣ ወድጄዋለሁ። አይ ኤም ሲ ኤ በ1915 የተመሠረተ ማኅበር ነው። በ1979 ሞዲፋይድ የሚባለውን የመኪና ክፍል ሲጀምር አንድ ደንብ አስገባ። ከውድድሩ በኋላ ተፎካካሪህ አስቀድሞ የተወሰነውን ትንሽ ዋጋ ከፍሎ ሞተርህን መውሰድ ይችላል። አስቡት። ብዙ ሺህ ዶላር ያፈሰስክበትን ሞተር በጥቂት መቶ ዶላር ሊወስዱብህ የሚችሉ ከሆነ ለምን ታፈስበታለህ? ሐሳቡ ድንቅ ነው። ለስፕሪንት መኪና ግን የሚሆን አይመስለኝም። የነዳጅ መርጫው፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ፣ ሁሉም ለብቻው ውድ ነው፤ የቱ ከሞተሩ ጋር ይሄዳል፣ የቱ ይቀራል የሚለው ብቻ ጠብ ያስነሣል። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በሚወዳደርበት ትንሽ መም ላይ ቂም ማትረፍ ነው።

የሞተር ደንብ ሁሉን ነገር አይፈታም። በሞተሩ በኩል በሩ ሲዘጋ ገንዘቡ ወደ ጎማ ይሄዳል፣ ወደ ሾክ አብዞርበር ይሄዳል፣ ወደ ቀላል ቸርኬ ይሄዳል። ትልቁ የኋላ ቀኝ ጎማ በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል። የጎማ ዓይነትና ጥንካሬ ካልተወሰነ ባለ ገንዘቡ በየውድድሩ አዲስ ይገጥማል። ዝቅተኛ ክብደትም ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይረዳል፤ ቀላል ብረት ፍለጋ የሚከፈለው ከንቱ ይሆናልና። እንደ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ደንቡ ሳይለዋወጥ መቆየቱ ነው። በየዓመቱ ትንሽ ማሻሻያ ሲደረግ የአምናው ዕቃ ይጣላል። ያገለገለ 305 ገዝቶ የሚጀምር ሰው የሚተማመነው ያ ሞተር ከሁለት ዓመት በኋላም ሕጋዊ ይሆናል ብሎ ነው።

አሁን የኛ ሞተር የታችኛው ክፍል ተገጥሟል። ቴስታታው ከነአዲሱ ጓርኒሲዮን በሚቀጥለው ይገጠማል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሲሊንደር ምን ያህል አየር እንደሚያፈስ ይፈተሻል። የቫልቭ ሞላዎቹን ጥንካሬ አንድ በአንድ የምለካው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ደብተር ላይ እየያዝኩ ነው፤ በወቅቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደደከሙ አወዳድሬ እነግራችኋለሁ።

ሱ ፎልስ ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ፣ ሰመር ሲገባ አንድ እሑድ ኑ። የጆሮ መሸፈኛ ያዙ፣ ለልጆች ደግሞ የግድ ነው። ከመታጠፊያው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አፈሩ ይመጣል። ሁሴትስ ላይ 305ም 410ም በአንድ ምሽት ስለሚሮጡ ሁለቱንም ሳታዩ አትውጡ። መጀመሪያ የሞተሮቹን ድምፅ አወዳድሩ፤ ከዚያ ከዐሥረኛ ሆኖ ጀምሮ ሦስተኛ የሚወጣ ሹፌር በየትኛው ክፍል እንደምታገኙ ተመልከቱ።