ከቀለሙ በፊት ልኩ
ዛሬ ለምናድሰው ወጥ ቤት ካቢኔና የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ስንመርጥ ዋልን። ጠዋት ከቤት ስወጣ በልቤ የነበረው የካቢኔው ቀለም ብቻ ነበር፤ አናጢው ግን አስቀድሞ የጠየቀን የፍሪጁን፣ የምድጃውንና የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ትክክለኛ ልክ ነው። ፍሪጅ ከጀርባው በቂ አየር ካላገኘ ሙቀቱን ማስወጣት ተስኖት ብዙ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ፣ በጎኑ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከቆመም በሩ በደንብ ስለማይከፈት የውስጥ መሳቢያዎቹ ሊወጡ እንደማይችሉ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

የመሥሪያ ጠረጴዛ ከፍታ ብዙውን ጊዜ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከማናችንም በላይ እዚያ የምትቆመው እናቴ ቁመቷ አጭር በመሆኑ ትከሻዋን እንዳያማት ወደ 85 ዝቅ እንዲል ወሰንን፤ ከውሳኔዎቻችን ሁሉ ደስ ያለኝም ይኸው ነው። ከዕቃ ማጠቢያ ገንዳው ሥር ያለው ካቢኔ፣ ውሃ ሲነካው በሚያብጠው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ፈንታ በኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው የተሠራ ሰሌዳ) ይሠራል። ቀለሙን ነገ እንመርጣለን።