ጣና ላይ በጀልባ ለሚያድር ሰው፦ ነፋስ፣ መልህቅ፣ ቤንዚን

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን ከ15 ሜትር አያልፍም፣ አብዛኛው ከዚያም በጣም ያንሳል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎጃም ዳርቻ በዘጌ በኩል ወደ ቁንዝላ፣ ከዚያ ወደ ደቅ ደሴት እየዞረ ሁለት ሦስት ሌሊት ውሃ ላይ ለማደር ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ይያዝ። ሞገዱ የሚከፋውም፣ ድንጋይ ሞተር የሚሰብረውም፣ በጭንቅ ሰዓት መልህቅ የሚያድነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠዋት ውሃው እንደ መስተዋት ይተኛል። ፀሐይ የብሱን ስታግለው አየሩ ከሐይቁ ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል፤ በባሕር ዳር በኩል ይህ ማለት ከቀትር በኋላ ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ነው። ብዙ ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ እየገፋ ይደርሳል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ደግሞ ሞገድ አይረዝምም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ተከታታይ ይሆናል። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው አፍንጫዋን ይመታል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሡ፣ እስከ 5 ሰዓት መልህቅ ጣሉ። በዚያ ጊዜ የማይደረስበት መንገድ ካለ ለነገ ጠዋት ይቆይ። የከሰዓቱን መንገድ «ትንሽ ናት» ብሎ የሚጀምር ጀልባ ነጂ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉት።

ወሩን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። በክረምት መብረቅና ድንገተኛ ወጀብ ስላለ ክፍት ጀልባ ላይ አይታደርም። ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ያህል ነው። በጥቅምት ከላዩ ያለፋችሁት አለት በግንቦት ፕሮፔለራችሁን ይጠብቃል። ደሴት ስትጠጉ ውሃው የሚሰበርበትን ቦታ የሚያይ አንድ ሰው ፊት ላይ አስቀምጡ፤ 2 ሜትር ቀርከሃም ይያዝ።

ሞገድ ከፊት ሲመጣ በቀጥታ አትግጠሙት፣ ጎናችሁንም አትስጡት። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ ውጡበት። ከኋላ ሲመጣ ይበልጥ ያታልላል፤ ጀልባዋ ስለምትሮጥ ሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ተንሸራታ ስትወርድ አፍንጫዋ በፊቷ ባለው ሞገድ ውስጥ ይሰካል፣ ኋላዋ ይዞራል፣ በጎኗ ትወድቃለች። ከዳጋ ወይም ከደቅ በከሰዓት ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ዕቃውን ከፊት አንሥታችሁ ወደ መሃል አምጡ፣ ከሞገዱ ጥቂት ዝግ ብላችሁ ሂዱ፤ ሞገዱን ለመቅደም አትሞክሩ። የፀሐይ ሸራውንም ጠቅልሉት፤ ነፋስ ሲያገኝ እንደ መርከብ ሸራ ጀልባዋን ይገፋታል።

ሞተር ድንገት ቢጠፋ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መልህቁ ነው እንጂ ወደ ሞተሩ አይደለም። 50 ሜትር ገመድ ካላችሁ ጣና ላይ መልህቅ ወለል የማይነካበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ጀልባዋ ቆማ አፍንጫዋን ለነፋሱ ከሰጠች በኋላ ተረጋግታችሁ ፈትሹ። መጀመሪያ የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ብሎን ተከፍታለች? ተነሥቶ አሥር ደቂቃ ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም፤ አየር ሳይገባ ቤንዚኑ ሲጎድል ታንኩ ራሱ ቤንዚኑን መልሶ ይስባል። ቀጥሎ በቱቦው ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ ስትጨመቅ ትጠነክራለች? ቀጥሎ ካንዴላ። የጄሪካን ቤንዚን ታች ውሃ ስለሚያጠራቅም የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ያህል አትገልብጡ፣ ሲቀዳም በማጥለያ ይቀዳ።

የሞተሩን ጉልበት በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው አትቁጠሩት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 25 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 21 አይሞላም። ፋብሪካው የገጠመለት ፕሮፔለር ለባሕር ወለል ከፍታ የተመረጠ ከሆነ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ሳያገኝ እየታነቀ ይሠራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) በ1 ወይም በ2 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ይገጠምለት፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል።

ፍጥነትም ገደብ አለው። ውሃ እየከፈለች የምትሄድ 8 ሜትር ጀልባ ከ12 ወይም ከ13 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ብትገፋ ከፍ ያለ ሞገድ ታስነሣለች እንጂ ብዙም አትፈጥንም፤ ቤንዚን ብቻ ይቃጠላል። ባለ ሁለት ምት 25 የፈረስ ጉልበት ሞተር እስከ መጨረሻው ሲከፈት በሰዓት ወደ 10 ሊትር ይጠጣል፣ ረጋ ብሎ ሲነዳ 6 ሊትር አካባቢ። የእናንተን ለመለካት ታንኩን እስከ ምልክቱ ሙሉ፣ አንድ ሰዓት በተለመደው ፍጥነት ንዱ፣ ከዚያ የሚሞላውን በሊትር ቁጠሩ። የምትዞሩት መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ በሰዓት 12 ብትሄዱ 10 ሰዓት፣ 60 ሊትር። ይህን የሁለት ሦስተኛ ድርሻ አድርጋችሁ 90 ሊትር ጫኑ፤ የቀረው ለነፋስና ለመሳሳት ነው። ዘይት የሚቀላቀል ከሆነና መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ይገባል። ጄሪካን ጀልባ ውስጥ አይሞላም፤ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል።

አሁን ወደ ማደሪያው። ከነፋስ የተከለለ የደሴት ጎን ምረጡ፤ ሌሊት አየሩ ወደ ሐይቁ ስለሚዞር ቀን ጥላ የነበረው ሌሊት ክፍት ሊሆን ይችላል። ጥልቀቱን ለኩ፤ 3 ሜትር ከሆነ ከውሃው እስከ አፍንጫዋ ያለውን 1 ሜትር ጨምሩ፣ 4 ይሆናል። ቀን ለምሳ 5 እጥፍ፣ ለማደር 7 እጥፍ፤ 28 ሜትር ገመድ ይለቀቃል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ገመድ ይቆጥባል። ገመዱ ሲያጥር መልህቁን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሲረዝም ግን አግድም ስለሚጎትተው ወደ መሬት ይቀብረዋል። ጫፉ ላይ 2 ሜትር ሰንሰለት ቢኖር ይበልጥ ይተኛል። መልህቁን አትወርውሩት፤ አውርዱት፣ ገመዱን እየለቀቃችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ከዚያ ሞተሩን ለግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ እየገፋችሁ ገመዱን በእጅ ያዙ። ቢንቀጠቀጥ እየጎተተ ነው፤ ዝም ብሎ ከተወጠረ ይዟል። ከመተኛታችሁ በፊት ዳርቻው ላይ አንድ ዛፍና ከጀርባው አንድ ድንጋይ በአንድ መሥመር አስተካክላችሁ እዩ፤ ሌሊት መሥመሩ ከተዛባ ተንቀሳቅሳችኋል። ለጭቃ ሰፊ ጥፍር ያለው መልህቅ፣ በደሴቶቹ አለት ባለ አራት ጣቱ ይሻላል፤ አለት ላይ ከታቹ በኩል ተጨማሪ ቀጭን ገመድ ከተንሳፋፊ ጋር እሰሩለት፣ ቢነከስ በዚያ ይላቀቃል።

ከመሸ በኋላ አትንቀሳቀሱ። ዓሣ አስጋሪው መረቡን ማታ ዘርግቶ ጠዋት ይሰበስባል። ቤት ጀልባ በብዛት በሚከራይባት በሕንዷ ኬረላም ጀልባዎች ማታ የሚቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም የቡሽ ቁራጭ ተሰልፎ ስታዩ ዙሩ፤ መረቡ የአንድ ቤተሰብ ጉሮሮ ነው።

ታንኳ ስታዩም ከሩቁ ዝግ በሉ። ቀዛፊው ከውሃው ጋር እኩል ተቀምጧል፣ የጀልባችሁ ሞገድ ጭኑ ላይ ይፈስበታል። ታንኳ ሚስማር የለውም፤ ደንገሉ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ተጠርቦ ሳይሆን ተጠፍሮ የሚሠራ ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ሥራው ሲያልቅ ወጥቶ ቆሞ ይንጠፈጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ ያሠራት «ራ» የተባለች ጀልባ ደንገሏ የታጨደው ከጣና ነበር። ይህን ያህል የሚታመን ዕቃ ነው፤ መንገድ ይገባዋል።

በዘጌና በቁንዝላ መካከል ግልገል ዓባይ ከሰከላ ያመጣውን አፈር የሚያራግፍበት አፍ አለ። ውሃው ቡናማ ሲሆን ከዳርቻው ራቁ፤ ደለሉ በየክረምቱ ቦታ ይለውጣል፣ የአምና መንገድ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። እንቦጭ ካጋጠመ በሞተር አትግቡበት። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ቅጠሉ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ይዘጋል፤ ከሞተሩ ጎን የሚፈስሰው ቀጭን ውሃ ከቆመ ወዲያው አጥፉ። ሞተሩን አንሡ፣ በቢላ ቁረጡ፣ ቁራጩን መልሳችሁ ወደ ውሃ አትጣሉት።

ገዳማቱ ሥርዓት አላቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ይገባሉ። ከገዳም ወደብ ፊት ለማደር አስቀድማችሁ አባቶችን ጠይቁ፣ ሬዲዮ አትክፈቱ።

ምግቡ ቀላል ነው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። የከሰል ምድጃ ግን ሸራ በተጋረደበት ጀልባ ውስጥ አይገባም፤ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። ለሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ፣ ለማታ አጎበር ይያዝ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባው ይበረታል። ቄጠማና ደንገል ባለበት ዳርቻ ቀንድ አውጣ ስለሚኖር ቢልሃርዚያ አለ። በባዶ እግር አትውረዱ፣ ለመታጠቢያ ከፈለጋችሁ ከመሃል የተቀዳ ውሃ በባልዲ ሁለት ቀን ይቀመጥ። መጸዳጃችሁ ክዳን ያለው ባልዲና አመድ ይሁን፤ ይህን ውሃ የሚጠጣ ሕዝብ አለ።

ስትመለሱ ከደብረ ማርያም አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጉማሬ አለ። በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ። ከታች ወደ ጨረጨራ ግድብ የሚስበውን ጅረትም ቀርባችሁ አትፈትኑት። ወደብ ላይ ጀልባዋ ከመታሰሯ በፊት ፕሮፔለሩን፣ የመልህቁን ገመድና የሆዷን ውሃ እዩ፤ የጣት ያህል እንቦጭ እንኳ ብትቀር አንሥታችሁ የብስ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኛት ቦታ ጣሏት።