ስልካችሁን ሙሉ በሙሉ የሚያየው መተግበሪያ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ ውስጥ ከዋጋ ቀጥሎ የምጠየቀው «ፋይሉን አውርጄው ነበር፤ የት ገባ?» ተብዬ ነው። የባሕር ዳር ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉም፣ የአማካሪው እርማትም፣ የሥራ ማስታወቂያውም በቴሌግራም ነው የሚመጣለት። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ደግሞ ቴሌግራም ለራሱ የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ሌላ መተግበሪያ እንደ ልቡ መክፈት አይችልም። ስለዚህ ፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ወደ ዳውንሎድ እንዲቀመጥ እዘዙት። ከዚያ በኋላ ዳውንሎድ ውስጥ፣ ቴሌግራም በሚል ስም ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ይህን የማሳያቸው ማቴሪያል ፋይልስ በተባለው የፋይል ማስተዳደሪያ መተግበሪያ ነው። ማስታወቂያ የለውም፤ ክፍያም አይጠይቅም። የገባችሁበትን መንገድ ከላይ በተርታ ስለሚያሳይ ተማሪው የት እንዳለ አይጠፋበትም። ዚፕ ፋይልም ከፍቶ ውስጡን ያሳያል።

እኔ አብዝቼ የምወደው ግን የኤፍቲፒ ሰርቨሩን፣ ማለትም የስልኩን ፋይሎች በዋይፋይ ለኮምፒውተር የሚያቀብለውን ክፍሉን ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤቴን ያሠራት እርሱ ነው። ተማሪዋ ስልኳን ከእኔ ዋይፋይ ጋር ታገናኛለች፤ ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ግድ የለም። ሰርቨሩን ስታስጀምረው በ2121 የሚያልቅ አድራሻ ይወጣል። ያንን አድራሻ በኮምፒውተሬ የፎልደር መስኮት ላይ ስጽፈው የስልኳ ፎልደሮች ፊቴ ይዘረገፋሉ፤ የምታትመውን ብቻ ታሳየኛለች፣ እቀዳለሁ፣ ሰርቨሩን ታጠፋዋለች። ፍላሽ የለ፣ ከፍላሽ ጋር የሚዞር ቫይረስ የለ። ማጥፋቱን ግን አደራ! ኤፍቲፒ የሚያስተላልፈውን ስለማይመሰጥር በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ላይ ባትከፍቱት ይሻላል። መተግበሪያው ለሌላቸው የመጫኛ ፋይሉን በብሉቱዝ እልክላቸው ነበር። የሚሰራጨው ጂፒኤል 3 በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ስለሆነ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል የተፈቀደ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የፋይል ማስተዳደሪያ እንደ ጨዋታ ወይም እንደ ካልኩሌተር አይደለም። መጀመሪያ ሲከፈት ሁሉንም ፋይሎች የማየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለዚያም ሥራውን በአግባቡ መሥራት አይችልም። በዚያ ፈቃድ ውስጥ የመታወቂያችሁ ፎቶ አለ፣ የባንክ ደረሰኝ አለ፣ የእናታችሁ የሕክምና ወረቀት አለ። እንዲህ ያለውን ፈቃድ ውስጡ ለማይታይ ፕሮግራም መስጠት ለእኔ ከባድ ነው። ኢኤስ ፋይል ኤክስፕሎረር በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ስልኮች ላይ የነበረ መተግበሪያ ነው። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. አንድ የደኅንነት ተመራማሪ መተግበሪያው ሲከፈት በስልኩ ላይ 59777 በተባለ ፖርት (የግንኙነት በር) የተደበቀ ሰርቨር እንደሚያስነሳ አጋለጠ። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው በዚያ በኩል ፋይል መውሰድ ይችል ነበር። ችግሩ ኋላ ቢታረምም የተጠቃሚው ልብ የሚያርፈው በምኑ ነው? ኮዱ ዝግ ነበርና።

የማቴሪያል ፋይልስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ግን ለማንም ክፍት ነው። ክፍት ኮድን ሁላችንም አናነብም፤ እኔም የኮድ ሰው አይደለሁም። ማንበብ የሚችል ሰው እንዳይከለከል ግን እፈልጋለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፦ በ2023 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ሲምፕል ሞባይል ቱልስ የሚባሉት የተወደዱ መተግበሪያዎች ለሌላ ኩባንያ ሲሸጡ፣ ኮዳቸው ክፍት ስለነበረ ሌሎች ፎሲፋይ በሚል ስም ሥራውን ቀጠሉበት። የፋይል ማስተዳደሪያውም ዛሬ በዚያ ስም ይገኛል። ዝግ ቢሆን ኖሮ ተጠቃሚው የገዢውን ውሳኔ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ግን ይቀራል፤ እርሱም የማቴሪያል ፋይልስ ፍለጋ ነው። «ሥራ» ብሎ የሰየመውን ፋይል «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ባዶ ገጽ ይመጣበታል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ማሻሻያ መሥራት ይቻላል። ኮዱ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ የተጻፈው ኮትሊን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፖሊ ግቢ (የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ተቋም) የምትማሩና የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ ይህን ውሰዱት። የጽሑፋችሁን ኅትመትና ጥራዝ እኔ እችላለሁ።