የዘገየው «አሜን»

ባሕር ዳር ያለ አብሮ አደጌ በቀደም ዕለት «እናንተ ዘንድ ኢንተርኔቱ እንደ መብረቅ ነው ይባላል፤ ታዲያ ስትደውል መግባባት ለምን ያቅተናል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የዋህ ነው፤ ግን ፍራንክፈርት ከገባሁ ወዲህ ከደረሰብኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ባለፈው ጥር እኅቴ ስትዳር ፈቃድ ስላጣሁ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቀው ግቢያችን በተጣለው ድንኳን ውስጥ የወንድሜን ስልክ ከማይክሮፎኑ አጠገብ አስቀምጠውልኝ በድምፅ ታደምሁ። በሟቹ አባታችን ፋንታ ሊመርቁ የቆሙት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ነበሩ። «ውለዱ፣ ክበዱ! እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ!» ሲሉ ድንኳኑ «አሜን» አለ፤ እኔም አልሁ። ጋሼ ግን ድምፃቸው ሰልሎ «ይህን ቀን ሳያይ ወንድሜን ሞት ወሰደብኝ» ብለው ዝም ሲሉ፣ የእኔ «አሜን» ገና ያን ጊዜ ደርሶ በድምፅ ማጉያው አስተጋባ። በአባቴ ሞት ላይ አሜን ያልሁ ሆነ። ወንድሜ በኋላ እንደ ነገረኝ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዘመድም «የሰው አገር ሥርዓቱን አስረሳው» ያለ አልጠፋም።

ለብዙ ሳምንታት ጥፋቱን በባሕር ዳር ኔትዎርክ ላይ ስጭን ቆየሁ። ከዚያ የመጣው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኝ እንደ ነበር እንኳ አላስተዋልሁም። ሙያው የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ሲያስረዳኝ ግን አፈርሁ። ለድምፅ ጥሪ በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ያህል ይበቃል። ንግግራችን አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ተቆራርሶ፣ በሰከንድ 50 ቁራጭ ሆኖ ይጓዛል፤ ቁራጮቹ ከጠፉ ቃል ይጎመዳል፣ ወረፋ ከያዙ ደግሞ ቃሉ ሳይጎድል ዘግይቶ ይደርሳል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ርቀቱን ተጠያቂ እንዳላደርግ፣ ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መንገዱ በጅቡቲና በባሕር ሥር ዞሮ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ የሚፈጀው 50 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የእኔ «አሜን» ግን ሁለት ሰከንድ ያህል ዘግይቷል።

ወረፋው የነበረው እኔው ቤት ነው። ከአራት ሰዎች ጋር የምጋራው መስመር በሰከንድ 50 ሜጋ ቢት (50,000 ኪሎ ቢት) ቢቀበልም፣ የሚልከው የዚያን አንድ አሥረኛ ብቻ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ አንዱ ረጅም ቪዲዮ ይልክ ኖሯል። የእኔ ድምፅ ራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ውስጥ ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር። የእዚህ አገር ሰው ጉዳዩን በሦስት ቃል ተናግሮ ስለሚዘጋ ይህ መዘግየት ብዙም አይጎዳውም። የእኛ ሰላምታና ምርቃት ግን ቅብብል ነው፤ ቅብብሉ ሲዛነፍ ደግሞ «ሃሎ! ሃሎ!» እያልን ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ በጩኸት የፈጠነ መስመር ግን አላየሁም።

ለመሰደድ የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክፍል ስትከራዩ ስለ ማሞቂያው ብቻ ሳይሆን መስመሩ ምን ያህል እንደሚልክና ስንት ሰው እንደሚጋራው ጠይቁ። ለልቅሶና ለሠርግ ስትደውሉ በራሳችሁ የሞባይል ዳታ ተጠቀሙ፣ ወይም ኮምፒውተራችሁን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝታችሁ፣ አብረዋችሁ የሚኖሩት በዚያ ሰዓት ምንም እንዳይልኩ ለምኑ። መራቂው ሲናገር የእናንተን ማይክሮፎን ዝጉ። ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው በአባቴ ስም የተዋረድሁት።

ለፋሲካ ኮምፒውተሬን በገመድ አገናኝቼ፣ አብረውኝ የሚኖሩትንም ለግማሽ ሰዓት ምንም እንዳይልኩ ለምኜ፣ ወደ ጋሼ ደወልሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። «ልጄ፣ እኔስ መች ከፋኝ፤ እናትህ ናት የተጎዳችው» አሉና አጠገባቸው አስቀምጠዋት እንደገና መረቁን። ሲጨርሱ የእናቴ «አሜን» እስኪሰማኝ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በኋላ የእኔን አልሁ።