የመንዝ ባና

ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥለን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ብርዱ መኪናው ውስጥ ገባ። አባቴ የተወለደው ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። መንዝን ይበልጥ የማውቀው በወሬ ነው።

መንገዱ በጓሳ ያልፋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ደጋ ነው። እንግዳ የሚመጣው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። እኔ ዓይኔ ሣሩ ላይ ቀረ። ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው በዚሁ የጓሳ ሣር ነው። የአገሩ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት ከልክሎ ያቆየውና ቀን ቆርጦ ያጭደው ነበር። ገና ሳይገመድ እንዲህ የተከበረ ሣር ደስ ይላል።

አክስቴ ቤት መደቡ ላይ ባና፣ ከበግ ፀጉር የሚሸመነው ብርድ ልብስ፣ ተነጥፏል። ተቀምጬ እጄን ሰደድኩበት። ይኮሰኩሳል። ጥቁሩ የጥቁር በግ፣ ነጩ የነጭ በግ ፀጉር ነው፤ ማቅለሚያ የሚባል አልነካውም። ጠጋ ብዬ ሳየው ፈትሉ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። ቁራጮቹ የተጋጠሙበት ስፌት ፊት ለፊት ይታያል። ለእኔ ከዚህ የሚያምር ብርድ ልብስ የለም።

«እሱማ አሮጌ ነው፤ ምኑን ታየዋለህ የኔ ልጅ?» አሉኝ አክስቴ፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ።

«ማን ፈተለው እትዬ?»

«እኔ ነኛ! አጎትህ ሸመነው። በጎቹም የቤታችን ናቸው።»

አዲስ አበባ ቤቴን በሐሳቤ ዞርኩት። ማን እንደሠራው የማውቀው አንድም ዕቃ የለኝም።

ገበያው ላይ የነብር ሥዕል ያለበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተደርድሯል። ይቀላል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የሚገዛውን ሰው አልወቅስም። ባና ሻጮቹ ግን ጥግ ይዘዋል። ሰውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጨቀጭቃቸዋል። ይሄ አናደደኝ። በጉን መሸለት አለ፣ ፀጉሩን ማጠብ አለ፣ በደጋን መንደፍ አለ። ከዚያ መፍተሉ፣ ማድራቱ፣ መሸመኑ። ይሄ ሁሉ ልፋት እንደ ቀላል ሲታይ ያሳዝናል።

አንድ ሸማኔ አነጋገርኩና ጥቁርና ነጭ፣ ወርዱ ሰፋ ያለ ባና አዘዝኩ። ቀብድም ሰጠሁ። ፈትሉን እኔ ካልፈተልኩ ብለው አክስቴ ስለያዙት፣ የሚደርሰው ለጥምቀት ነው።