ባሕር ዳርን በሁለት ጎማ

አከራዩ ወጣት ጎማዎቹን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸና፣ «እትዬ፣ ለስንት ሰዓት ነው የሚፈልጓት?» አለኝ።

«ለሙሉ ቀን» አልኩት። ይህን መልስ ለመስጠት ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቄአለሁ።

በልጅነቴ፣ በአዲስ አበባ ሰፈራችን ሜዳ ላይ፣ ብስክሌት የሚከራየው በደቂቃ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከዳቦ መግዣው ሳንቲም ያስቀርና ሩብ ሰዓት ይከራያል። እኔ ደብተሩን ታቅፌ ከአከራዩ ጎን እቆማለሁ። ሥራዬ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ አከራዩ አንዲት ደቂቃ እንዳይሰርቅበት። ጊዜው ሲያልቅ ወንድሜ ፊቱ በላብ ተነክሮ «አንድ ዙር ብቻ!» እያለ ይለምናል፤ አንዳንዴም እንባ ያቀርራል። ክብ ሜዳ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ለሚመለስ ነገር ይህን ያህል መንሰፍሰፉ አይገባኝም ነበር። እኔን «ነይ ሞክሪ» ያለኝ የለም። እናቴም ምክንያቱን ሳትነግረኝ «ለሴት ልጅ አይሆንም» ብላ ዘግታዋለች።

መንዳት የተማርኩት አምና፣ በአርባ አምስት ዓመቴ ነው። ያስተማረኝም ያው ወንድሜ ነው። «ወደ ግራ ስትወድቂ መሪውን ወደ ግራ አዙሪ» ሲለኝ ያሾፈብኝ መሰለኝ። ሰው ከሚወድቅበት ይሸሻል እንጂ እንዴት ወደዚያው ይዞራል? ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ብስክሌት በዘመመ ቁጥር ጎማው ወደ ዘመመበት ሲዞር ከነጂው ሥር ይገባና መልሶ ያቀናዋል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ የሚመስለን ብስክሌት ሁልጊዜ በጥቂት በጥቂቱ እየወደቀ፣ እየተነሣም ነው። ይህን ሰውነቴ የተረዳው በሦስተኛው ቀን ነበር። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን አልጠፋም፤ እወደዋለሁ።

ወንድሜ ታዲያ «አዲስ አበባ ላይ አትሰቃዪ፣ ባሕር ዳር ሂጂ» አለኝ። የእንጦጦን ግርጌ ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሕር ዳር በጣና ዳርቻ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እንደ ሰፌድ ተዘርግታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጎዳናዎቿ ሰፊ ናቸው፤ ዘንባባዎቿ ጥላ ይሰጣሉ።

በማለዳ ስወጣ ብቻዬን አልነበርኩም። የደንብ ልብሳቸውን የለበሱ ተማሪዎች ጎን ለጎን እያወሩ ይነዳሉ። አንድ አባት ልጁን ከፊቱ፣ ብረቱ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሳል። አንዲት እናት ነጠላዋን በወገቧ አሸንፍጣ፣ ከኋላዋ ጎመን ጭና፣ ረጋ ብላ አለፈችኝ። እናቴ ይህችን ሴት ብታያት ምን ትል ይሆን ብዬ ዓይኔ እስኪያጣት ተከተልኳት። ሰላምታው ደግሞ! በመኪና ውስጥ ሰው ሰውን አያይም፤ እዚህ አንገት ዝቅ ተደርጎ «እንደምን አደሩ» ይባላል፣ መልሱም ሳይርቅ ይደርሳል።

ወደ ጣና ዳርቻ ወረድኩ። ሐይቁ ከነሠላሳ ሰባት ደሴቶቹ ማዶው የማይታይ ነው። አንድ ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ሆኖ ከዳርቻው ሳይርቅ ይቀዝፋል። ለጥቂት ጊዜ እኩል ሄድን፤ እሱ በክንዱ፣ እኔ በእግሬ። ሞተር የለም፣ ጭስ የለም፤ የሚሰማው የመቅዘፊያው ድምፅና የብስክሌቴ ሰንሰለት ብቻ ነው። ወንድሜ ያለቅስለት የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው በገዛ ጉልበቱ ከጉልበቱ በላይ ሲሄድ የሚሰማው ደስታ ነው። በሜዳ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው፣ ለእግር ጉዞ በሚያወጣው ጉልበት ሦስት እጥፍ ያህል ይርቃል። ይህን አንብቤው አውቃለሁ፤ ያመንኩት ግን እዚያ ነው።

ቀትር ሳይደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ጠጋኝ የውስጡን ጎማ አወጣና ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ፈለገ፤ ካገኘው በኋላ በሞረድ አሻክሮ ማስቲሽ ቀባው። አጠገቡ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጣልያን የጦርነት ካሳ በተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ ነገሩኝ። «ፈረቃ ሲቀየር መንገዱ ብስክሌት ብቻ ነበር፣ ልጄ። በጨለማ ሳይቀር በጢቅታው ማን እንደመጣ እናውቃለን።»

«አሁንም ይነዳሉ፣ አባባ?»

«ይህችው ናት እኮ!» ብለው ከዛፉ ጋር የተደገፈችውን መታ አደረጓት። «ከአጥንቷ በቀር ያልቀየርኩላት የለም። ልጆቼን በእሷ አሳደግሁ። ለመሄጃ የማንንም ፊት አይቼ አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ዓባይ ድልድይ ደረስኩ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ዓባይን ከዚህ በፊት በአውቶቡስ መስኮት አይቼው ነበር፤ «ያውና» ሲሉኝ ነበር ያለፈው። አሁን ግን መሀል ላይ ቆሜ፣ አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ፣ ከጣና ወጥቶ ገና ጉዞ የጀመረውን ውኃ እስክጠግብ አየሁት። የቸኮለ ሰው ከኋላዬ አልነበረም።

ፊቴን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ባዞርኩ ጊዜ ሜዳ ያበደረኝን ጉልበት አቀበት አስመለሰኝ። እየገፋሁም፣ እየነዳሁም ወጣሁ። እያለከለክሁ ያስታወስኳቸው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን የሄዱትን ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ እነ ገረመው ደንቦባ በቡድን ዘጠነኛ ወጥተዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ በፊት መሆኑ ነው። ስለ እነሱ ትንሽ መወራቱ ያሳዝነኛል።

ከላይ፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ ከተማዋ፣ ሐይቁና ወንዙ በአንድነት ይታያሉ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«የት ነሽ?»

«ቤዛዊት አናት ላይ።»

«በብስክሌት?»

«በብስክሌት።»

ዝም አለ። ቀጥሎ፣ «ስንት ደቂቃ ቀረሽ?» አለኝ።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ የእኔ ናት።»

ሲስቅ ሰማሁት፤ ሳቁ የሜዳው ልጅ ሳቅ ነበር። ከዚያ ድምፁን ጠንከር አድርጎ፣ «ስትወርጂ የፊቱን ፍሬን ለብቻው እንዳትይዢ። የኋላውን አስቀድሚ። ሰማሽኝ?» አለኝ።

ሰማሁት። እስከ መጀመሪያው ጠመዝማዛ እንዳለኝ የኋላውን ፍሬን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሲቃና፣ ከፊቴም ማንም አለመኖሩን ሳይ፣ ለቀቅኩት።